ቦሌሮ በአቋቋም ጆሮ

ባለፈው ሰሞን የጫንኳቸው አራት የድምፅ ፋይሎች ምን እንደሆኑ፣ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። «የፊልም ማጀቢያ ነው ወይ?» ያላችሁም አላችሁ። አይደለም። ጥያቄው ግን ያለ ነገር አልመጣም፤ የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች እነዚህን ሥራዎች ከጻፉት ሰዎች ያልወሰዱት የለም።

ነገሩ ኮንሰርት ነው። ደባርቅ ላይ ሰማንያና መቶ ሙዚቀኛ የሚያስቀምጥ አዳራሽ የለንም፤ ዳባትም የለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ በአንድ ምሽት ሊጫወተው የሚችለውን ዝርዝር ከቀረጻዎች መርጬ እኔው ደረደርኩት። የሞሪስ ራቬል «ዳፍኒስና ክሎዌ» ሁለተኛው ስዊት፣ የኢጎር ስትራቪንስኪ «የእሳት ወፍ» ስዊት፣ የክሎድ ደቡሲ «ላ ሜር»፣ መዝጊያው የራቬል «ቦሌሮ»። (ስዊት ማለት ከረዥም የባሌት ሙዚቃ ላይ ተቀንጭቦ ያለ ጭፈራ ለኮንሰርት የሚቀርብ ነው።) ሁሉም የተጻፉት ከ1903 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እንዳልደጋግመው።

ፈረንሳይና ሩሲያን ለምን አንድ ላይ አደረግኋቸው? እኔ አይደለሁም ያደረግኋቸው፤ ራሳቸው ናቸው የተጋቡት። ደቡሲ ገና ተማሪ ሳለ በ1881 እና በ1882 ክረምቱን ሩሲያ ሄዶ በናዴዥዳ ፎን ሜክ ቤት በፒያኖ ተጫዋችነት ተቀጥሯል። ይህች ሴት የቻይኮቭስኪ ደጋፊ የነበረችው ባለጸጋ ናት። በ1894 ሁለቱ መንግሥታት የጦር ቃል ኪዳን አሰሩ። በ1909 ደግሞ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የሚባል ሩሲያዊ፣ ራሱ ሙዚቃ የማይጽፍ፣ የማይጨፍርም፣ ሰው ማገናኘት ግን የተካነ፣ የጭፈራ ቡድኑን ይዞ ፓሪስ ገባ። «የእሳት ወፍ»ን ያዘዘው እሱ ነው፤ «ዳፍኒስ»ንም እሱ። ራቬልና ስትራቪንስኪ በ1913 ስዊዘርላንድ ተቀምጠው የሙሶርግስኪን ኦፔራ ለዲያጊሌቭ አብረው አሰናድተዋል። ደቡሲና ስትራቪንስኪም አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገና ለሕዝብ ያልቀረበ ሥራ ተጫውተዋል።

እነዚሁ ሁለት አገሮች በዚያው ዘመን እኛ ደጅም ነበሩ። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ይዘረጋሉ፤ ሩሲያ ከዐድዋ ጦርነት ጋር ተያይዞ የቀይ መስቀል ሐኪሞቿን ልካለች። ከድሉ በኋላ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ ወደ 40 የሚጠጉ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከአሠልጣኝ ጋር እንደላከላቸው የሙዚቃ ታሪካችን ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1924 አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ የያዙት መሣሪያም የነሐስ ነበር፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን።

ይህን የማነሳው ለወግ ብቻ አይደለም። ኦርኬስትራ ወደ እኛ የገባው በወታደር ሠልፍ በር ነው። መለከቱና ሳክስፎኑ መጀመሪያ መጣ፤ ቫዮሊኑና ቼሎው ዘግይቶ፣ ቁጥሩም አንሶ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት ሁሉም የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው፤ የዘመናዊ ዘፈናችን ድምፅም ከእነሱ ወጣ። ለዚህ ነው አማርኛ ዘፈን ያዳመጠ ጆሮ ሳክስፎንን እንደ ዘመዱ የሚያውቀው፣ ሃያ ቫዮሊን በአንድ ላይ ሲያንሾካሹክ ግን «ፊልም ነው» የሚለው። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሽለላ ሲያወርድ የሰማ ሰው ቦሌሮ ውስጥ ሁለት ሳክስፎን ተራ በተራ ሲነሡ አይደነግጥም።

እሺ፤ ወደ ፋይሎቹ።

«ዳፍኒስ»ን መጀመሪያ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ስለሚጀምር። ሙሉው ባሌት ፓሪስ ላይ የታየው በ1912 ሲሆን ታሪኩ የጥንት ግሪክ እረኞች ፍቅር ነው። ስዊቱ ሲከፈት ፍሉቶችና ክላሪኔቶች ከታች የሚንቆረቆር ውኃ ይመስል ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ፤ ዜማ የሚባል ነገር ገና የለም። ከሥር ወፍራሙ ባስ ቀስ ብሎ ይወጣል። ወፎች አንድ ሁለት እያሉ ይገባሉ፤ ቫዮሊኖቹ ናቸው ወፎቹ። ከዚያ ትንሿ ፍሉት፣ ፒኮሎ የምትባለው፣ ራቅ ብላ ትሰማለች፦ መንጋውን ይዞ የሚያልፍ እረኛ ነው። ጥቂት ቆይቶ በማዶ ሌላ እረኛ ያልፋል፤ እሱ ክላሪኔት ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ አንዴ ሳይሆን በሦስትና በአራት ማዕበል ይመጣል፤ እያንዳንዱን «ይሄ ነው ጣሪያው» ስትሉ ሌላ ከላዩ ይጨመራል።

በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ወይም ግጭ ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ከገደሉ ሥር ጭላዳዎቹ ድምፅ ማሰማት ይጀምራሉ፤ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚይዘው ከፍተኛውን ጫፍ ነው፤ ሸለቆው ገና ጨለማ ነው። በሙዚቃ ከተጻፉ ንጋቶች ሁሉ የራቬልን የሚያህል አላውቅም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ ይምጣ።

ከንጋቱ ቀጥሎ ረዥም የፍሉት ብቸኛ ጨዋታ አለ። እዚህ ላይ ዋሽንት የምትነፉ ልጆች ጆሮ ስጡኝ። ተጫዋቹ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያስረዝም፣ ድምፁን ወደ ላይ ሲሮጥ እንዴት እንደማያሾለው፣ ሲወርድ እንዴት እንደሚያዘገየው ተከታተሉ። እረኛና ዋሽንት ለእኛም ኦርኬስትራ ያጻፈ ነገር ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ሙዚቀኛ ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱ ባለዋሽንቱን እረኛ የሚመለከት የኦርኬስትራ ድርሰት ሲሆን በ1967 ሃንጋሪ ሄዶ የአገሪቱን ኦርኬስትራ የመራው እሱ ራሱ ነው። ከሰሜን ተራራ ልጆች መካከል ይህን ስም የሚያውቅ ስንት እንደሆነ ማሰብ ያሳፍረኛል።

የ«ዳፍኒስ» መጨረሻ ፈጣን ጭፈራ ነው፤ በአምስት ይቆጠራል። የዲያጊሌቭ ጨፋሪዎች ቁጥሩ አልገባ ሲላቸው የአለቃቸውን ስም «ሰር-ጌይ-ዲያ-ጊ-ሌቭ» እያሉ ያጠኑት ነበር ይባላል። ሞክሩት፣ ይሠራል።

«የእሳት ወፍ»ን አላስረዝመውም። ስትራቪንስኪ ሲጽፈው ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሰኔ 1910 ፓሪስ ኦፔራ ላይ ቀረበና በአንድ ሌሊት ታዋቂ አደረገው። ተረቱ የልጆች ነው፦ ልዑል፣ ክፉ ጠንቋይ፣ በእሳት ላባዋ የምትረዳ ወፍ። መስማት ያለባችሁ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ባሱን የሚባለው ረዥም የእንጨት መሣሪያ የሚያዜመው እሹሩሩ፤ ሁለተኛው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው መዝጊያ። በመዝጊያው አንድ ሆርን ብቻውን፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ ከሩሲያ ገበሬዎች ዘፈን የተወሰደ ዜማ ይጀምራል። ያንኑ ዜማ ቫዮሊኖቹ ይቀበሉታል፤ ከዚያ ሁሉም። ዜማው አይለወጥም፤ የሚዘፍነው ሕዝብ ነው የሚበዛው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ቦሌሮ ላይ እንደገና ያስፈልገናል።

ከ«ላ ሜር» ጋር የተጣላችሁ ብዙ ናችሁ። «ባሕር» ማለት ነው፤ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ የቀረበው ጥቅምት 1905 ነው። «ባሕር አይቼ አላውቅ፤ በየት በኩል ይግባኝ?» ያለኝ የዳባት ልጅ አለ። ደቡሲም ሲጀምረው ባሕር ዳር አልነበረም። በ1903 ክረምት ከባሕር በጣም በራቀው በቡርጎኝ ገጠር ተቀምጦ ነው መጻፍ የጀመረው፤ የጻፈውም በትዝታ ነው። መጀመሪያ የታተመው ኖታ ሽፋን ላይ ያለውም ሥዕል የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ ማዕበል ነው። ስለዚህ ባሕር አለማየት ሰበብ አይሆንም።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህን ሥራ በአካባቢያችን አቋቋም ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ሰጥቼ፣ አንዱን እኔ ይዤ አሰምቻቸው ነበር። ጥቂት ታገሡና፣ «ልጄ፣ ሁሉም ይቀበላል፤ መሪው የታለ?» አሉኝ። ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። በእርግጥ ደቡሲ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንዱ መሣሪያ ሐሳብ ይጀምራል፣ ሳይጨርሰው ሌላው ይነጥቀዋል፣ ሦስተኛው ከጎን ይገባል፤ ዜማ ይዞ እስከ ዳር የሚሄድ የለም። ለየኔታ ይህ ሥርዓት የጎደለው ማኅሌት ነው። ለደቡሲ ውኃ እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው።

የጆሮ መግቢያ የሚሆናችሁ ግን ቅኝቱ ነው። በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ደቡሲ የጃቫን የናስ ደወሎች ሙዚቃ፣ ጋሜላን የሚባለውን፣ ሰምቶ ተማርኳል። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓን ሰባት ድምፅ እየተወ ወደ አምስት ድምፅ ደጋግሞ ይመለሳል፤ «ላ ሜር» ውስጥም ትሰሙታላችሁ። እኛ ደግሞ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለን ያደግነው በአምስት ድምፅ ነው። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ካለ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ፤ ትዝታ ሜጀር እጃችሁ ላይ ይወጣል። ራቬል በ1910 ለልጆች በጻፈው የፒያኖ ሥራ አንዱን ክፍል የገነባው በእነዚያው ጥቁር ቁልፎች ዙሪያ ነው። ከጃቫ ያገኙትን ነገር ይዘው እኛ ሠፈር ደረሱ ማለት ነው፣ ሳያውቁት።

አሁን ቦሌሮ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

በ1928 አይዳ ሩቢንስታይን የተባለች፣ ከዲያጊሌቭ ቡድን የወጣች ሩሲያዊት ጨፋሪ ራቬልን ሙዚቃ አዘዘችው። የሠራላት ነገር እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ትንሿ የሠልፍ ከበሮ አንድ አመታት ትጀምራለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያንኑ አመታት ሳታቋርጥ፣ ሳትለውጥ ትመታለች። በላዩ ሁለት ዜማዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ እንደገና የመጀመሪያው፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይዞራሉ። ዜማው አይዳብርም፣ አይተነተንም። የሚለወጠው የሚይዘው መሣሪያ ነው፦ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ባሱን፣ ትንሹ ክላሪኔት፣ ከዚያ የኦቦ ዘመድ፣ ቀጥሎ አፉ የታፈነ ትራምፔት ከፍሉት ጋር፣ ሳክስፎኖቹ። አንድ ቦታ ላይ ሆርን፣ ሁለት ፒኮሎና ቼሌስታ ተጣምረው እንደ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ያለ፣ አንድም መሣሪያ የማይመስል ድምፅ ያወጣሉ፤ ብዙ ሰው ቀረጻው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ከዚያ ትሮምቦን እየተንሸራተተ ይገባል። ከዚያ በኋላ ብቻውን የሚዘፍን የለም፤ ጎርፍ ነው። ራቬል ራሱ በዚህ ሥራ ውስጥ ሙዚቃ የለበትም ብሎ ይቀልድ ነበር ይባላል።

የአውሮፓ አድማጭ ቦሌሮን ሲሰማ «ለምን ይደጋግማል?» ይላል። የማኅሌት ልጅ ይህን አይጠይቅም። አቋቋም ያየ ሰው ያውቃል፦ አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጽናጽል። ያው ዜማ በዝማሜ ይመለሳል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሰውነት ይወዛወዛል። ያው ዜማ በመረግድ ይመለሳል፤ ከበሮው ይገባል። በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ጭብጨባው፣ ከበሮው፣ ጽናጽሉ አንድ ላይ ይወርዳል። ቀኝ ያለውን ግራ ይቀበላል። ቃሉም ዜማውም ያው ነው፤ የሚጨመረው ክብደት ነው። በአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያዋ ጎንደር መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

የኔታ ይህን ወዲያው ያዙት። ትንሿ ከበሮ ስትጀምር ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ። በሁለተኛው ዜማ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሳክስፎኑ ላይ ፈገግ አሉ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግን ትዕግሥታቸው አለቀ፤ «ጽፋቱ መቼ ነው?» አሉኝ።

እኔ ከመጻሕፍት ያላገኘሁትን ይህ ጥያቄ ሰጠኝ። ጽፋቱ አይመጣም። ራቬል ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ እንዲሆን አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ በ1930 ታላቁ መሪ ቶስካኒኒ ፓሪስ ላይ አፍጥኖ ቢመራው ተቆጥቶ ተጋጭተዋል። እዚህ ላይ ነው ቦሌሮና አቋቋም የሚለያዩት። የእኛ ሊቃውንት ክብደቱንም ፍጥነቱንም አብረው ያሳድጋሉ፤ የተጠራቀመው ነገር በእግርና በእጅ ይወጣል፣ ሰው ይፈታል። ራቬል ክብደቱን ብቻ ይጨምርና በሩን ይዘጋል። ከበሮው አይሮጥም። ሰውየው ሊፈነዳ ነው፣ ከበሮው አይሮጥም። ለዚህ ነው ሲያልቅ የሚያልቀው በጥፋት የሆነው፦ ከጅምሩ የተቀመጠበት መነሻ ድምፅ ጥቂት ሲቀረው ድንገት ወደ ላይ ይፈናቀላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፣ ከዚያ ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ እየጮኸ ተንዶ ይወድቃል። የኔታ ሲወድቅ ሰምተው፣ «አዬ፣ ቢያፈጥነው ኖሮ ባልወደቀ» አሉ። ቶስካኒኒ ይህን ቢሰማ ደስ ባለው።

እኔ በዚህ ከራቬል ጋር ነኝ፤ የኔታን ባከብርም። ቦሌሮ ካፈጠነ ተራ ጭፈራ ይሆናል። ጽፋት ደግሞ ካልፈጠነ ጽፋት አይደለም። ሁለቱን አንድ ናቸው ለማለት አልመጣሁም። ማለት የፈለግሁት፣ ቦሌሮን ለመስማት የሚያስፈልገው ችሎታ፣ ያው ነገር ሲመለስ ምን እንደተጨመረበት መለየት፣ ከደብር ግቢ ያደገ ሰው አስቀድሞ ያለው ነው። «ክላሲካል ለተማረ ሰው ነው» የምትሉኝ ስንት ዓመት ማኅሌት ቆማችኋል!

ለነገሩ ይህ ሠፈር የቅዱስ ያሬድ ሠፈር ነው። እንደ ትውፊቱ በስድስተኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በተመስጦ የጦራቸው ጫፍ እግሩ ላይ መተከሉን ሳያውቁ፣ እሱም ሳይሰማው ቀረ፤ ካሣ ምን ልስጥህ ቢሉት ወደ ሰሜን ተራሮች መሰናበትን መረጠ። ከ4400 ሜትር በላይ የሚቆመው አባ ያሬድ ተራራ በስሙ ይጠራል።

ሁለቱን ዓለሞች በአንድ እጅ የያዙ ሰው ደግሞ ነበሩ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ካይሮ ላይ በፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሰልጥነው፣ ከዚያ ግሸን ማርያም መነኰሱ። በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ አዩ፤ ሙዚቃቸውን በሸክላ ያሳተሙት እነሱን ለመርዳት ነው። የውጭ ሐያሲዎች ፒያኗቸውን ሲሰሙ ደቡሲንና ሌላውን ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ሳቲን ይጠራሉ። እኔ ግን በእሳቸው ግራ እጅ ላይ የምሰማው ዝማሜን ነው፤ መቋሚያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ከእሳቸው ሥራ አንድ ፋይል ከአራቱ ቀጥሎ ጨምሬያለሁ።

አሁን ስለ አሰማም። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙ። ቦሌሮ ሲጀምር ከበሮዋ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነች ምንም አይሰማችሁም፤ «ፋይሉ አይሠራም» ብላችሁ ድምፁን እስከ ጥግ ትጨምራላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ጆሯችሁን ታጣላችሁ። ማዳመጫ አድርጉ፣ ድምፁን መሐል ላይ አስቀምጡና እስኪያልቅ አትንኩት። ከዳባት ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥም አይሆንም፤ ሞተሩ የ«ዳፍኒስ»ን ንጋት ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ በአነስተኛ መጠን የጫንኩትን ውሰዱ፤ ከባሱ ትንሽ ይጎድለዋል እንጂ ይሰማል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው «የእሳት ወፍ» መዝጊያ ብቻውን ይበቃል።

ቀጥሎ የምጭነው የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» ነው፤ ግንቦት 1913 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ አዳራሹን በጩኸት የበጠበጠውን። እስከዚያ «ላ ሜር»ን ወድጄዋለሁ የሚል ካለ በአስተያየት መስጫው ይጻፍልኝ፤ ለየኔታ የማሳየው ምስክር እፈልጋለሁ።